ቪ8 ልግዛ ወይ ላለኝ ተማሪዬ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት። ስለ መኪና ነው። «አንተ ደግሞ መኪና የት ታውቅና!» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ያለኝ አንድ ሳይክል ነው፣ እሱም ፍሬኑ አይዝም። ግን የሚጠይቀኝ ሰው መጣ፤ ጥያቄው ደግሞ ውስጡ ፊዚክስ ሆኖ ተገኘ፤ ፊዚክስ እንጀራዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት 10ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ዛሬ ደህና እህል ነጋዴ ሆኗል። «ይጻፉት፣ ስሜን ግን ይተዉት» ብሎ ፈቅዶልኛል። ባለፈው ደወለ።

«ቲቸር፣ መኪና ልገዛ ነው። ቪ8 ይሻለኛል ወይስ ይሄ ኤሌክትሪክ የሚሉት? ምን ይመክሩኛል?»

«ለምን ፈለግከው?» አልኩት።

«ለእማ ነው። በየወሩ ደሴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለባት። በሚኒባስ ስትጉላላ አንጀቴን በላችው። ደሞ መንገዳችንን ያውቁታል፤ ጉልበት ያለው መኪና ይፈልጋል።»

ጥሩ ልጅ ነው፤ ለእናቱ ብሎ ነው። እኔ ግን «ጉልበት» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። የሚገዛውም የሚሸጠውም፣ ደላላውም፣ ሁሉም የሚላት ቃል ናት። እስቲ እንደ ክፍላችን ጠመኔ ይዘን እናስላት።

አንድ ቪ8 ሰው ጭኖ 3 ቶን ይመዝናል እንበል። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ነው እንበል፤ ይሄ ደህና አድርጎ የሚያስነፋ ዳገት ነው። በኩርባው ላይ ጤነኛ ሾፌር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ያን መኪና በዚያ ፍጥነት ያን ዳገት ለማስወጣት የሚያስፈልገው 31 ኪሎዋት ገደማ ነው። ካምቢዮው ውስጥ የሚባክነውን ጨምሩበትና ወደ 50 የፈረስ ጉልበት በሉት። በቃ ይሄው ነው! ናፍጣው ቪ8 ደግሞ እንደ ሥሪቱ ከ230 እስከ 270 ፈረስ አለው። 250 ፈረስ ገዝተህ 50ውን ታስሮጣለህ፤ ሁለት መቶው ጋጣ ውስጥ ቆሞ ይቀልባል።

«ከፍታውስ?» የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ለጋምቦ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየር ሲያንሰው ጉልበቱም በዚያው ልክ ያንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይደክምም፤ ቪ8 ሁለት ቱርቦ አለው። ቱርቦ የሌለው ያ የምናውቀው ሃርድቶፕ፣ ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 130 ፈረስ ገደማ ነው። እዚህ ሩቡ ሲቀነስበት ወደ 100 ይወርዳል። 100 ደግሞ የ50 እጥፍ ነው። ሃርድቶፑ ሰው እስከ ጣሪያው ሞልቶ ሳይንት አጅባር የሚወጣው በተአምር አይደለም፤ ሒሳቡ ስለሚበቃው ነው።

እውነቱን ለመናገር ትርፍ ጉልበት ምንም አይጠቅምም አልልም። ሲኖትራክ ከፊትህ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ለጥ ያለ ቦታ ስታገኝ በፍጥነት ቀድመህ ወደ መስመርህ መመለስ ደኅንነት ነው። እዚያች ላይ ቪ8ቱ ከሃርድቶፑ ይበልጣል። ግን በእኛ መንገድ እንዲያ ያለ ለጥ ያለ ቦታ ስንት አለ? ሾፌሮች ንገሩን።

አሁን ደግሞ እንውረድ። ወደ ጉንደወይን በኩል ዓባይን ለመሻገር የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። 3 ቶን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ጉልበት መጣል አለበት። በፍሬን ብቻ ከያዝከው ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሸራው ላይና ዘይቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ይመጣል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የሚያድነው የፈረስ ብዛት አይደለም፤ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው። ይሄ ደግሞ አይሸጥም፤ ከሾፌሩ ጋር ነው ያለው።

ኤሌክትሪኩስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስቃል፣ «ይሄ የከተማ አሻንጉሊት» ይላል። እኔ አልስቅም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ አዳማ ላይ ያለው ጉልበት መካነ ሰላም ላይም ያው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሲሞላ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወጣ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 70 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ካለው አንድ አሥረኛው ነው። ሲወርድ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ይመልሳል። ዓባይ በረሃን ወርዶ ለመውጣት ከዚህ የሚስማማ ሞተር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ችግሩ ሞተሩ ጋ አይደለም፤ ግድግዳው ጋ ነው። ከተራ የቤት ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የምትቀዳው። ያን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 35 ሰዓት ይወስዳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። መብራቱን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ይህችን ጽሑፍ ራሷን በሁለት መብራት ነው የጨረስኳት። አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ቢዋይዲ ምናምን የሚባሉት አብዛኞቹ ከቻይና ገበያ የመጡ ስለሆኑ ስክሪናቸው በቻይንኛ የሚያወራ ብዙ ነው። ሆዳቸውም ዝቅ ይላል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው፤ ከዋናው መንገድ ወጥተህ በሐምሌ ጭቃ ወደ ቀበሌ ስትገባ ድንጋይ የሚያገኘው መጀመሪያ ያንን ነው።

እንግዲህ እስካሁን ያወራሁት ስለ ብቃት ነው። አሁን ስለ አመቺነት፣ ማለትም ከገዛህ በኋላ ስላለው ኑሮ ላውራ።

አንደኛ ጎማ። ሃርድቶፑ የሚሄድበት ባለ 16 ጎማ ገጠር ድረስ ይገኛል፤ ጎሚስታው ዓይኑን ጨፍኖ ይለጥፈዋል። ፕራዶ ባለ 17ቱ ከሃይሉክስ ጋር አንድ ልክ ነው፤ ሃይሉክስ ያለበት ከተማ ሁሉ ጎማ አለህ ማለት ነው። አሁን አሁን ግን ቪ8 ላይ ባለ 20 እና ባለ 22 ቸርኬ ማስገባት ፋሽን ሆኗል። ሲያዩት ያምራል። የጎማው ጉንጭ ግን ቀጭን ስለሆነ አንድ ሹል ድንጋይ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ መኪና በከተማችን ለሦስት ሳምንት ድንጋይ ተደግፎ ቆሞ አይቻለሁ፤ ጎማው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ። ልጆች ጥላው ሥር ጠጠር ይጫወቱ ነበር።

ሁለተኛ ነዳጅ። ፍጆታውን በተመለከተ ሃርድቶፕን አላሞግስም፤ እሱም ይጠጣል። ልዩነቱ ሆዱ ላይ ነው። የድሮው ሞተር ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ ቆሻሻ ይችላል። የቪ8 እና የአዳዲሶቹ ናፍጣ ሞተሮች ኖዝል ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭ ረቂቅ ዕቃ ነው። ማደያው ደርቆ በጀሪካን ስትገዛ፣ ውስጡ ውኃ ይኑር ጋዝ ይቀላቀል የምታውቀው ነገር የለም። ሃርድቶፑ ያስነጥሰውና ያልፋል፤ ቪ8ቱ ይታመማል። ሲታመም ደግሞ ስካነር ይፈልጋል፤ በመፍቻ ብቻ አይድንም።

ሦስተኛ ዋጋ። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሲበረታታ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርጎ ነው የገባው። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቪ8 እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ዕቃ ሆኗል። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ «ብር ከማስቀምጥ መኪና ላስቀምጥ» የሚለው በዛ። ይሄን እረዳለሁ፤ ነጋዴ ገንዘቡ እንዲሟሽሽ አይፈልግም። ግን ልብ በሉ፤ እንደ ወርቅ የተቀመጠ መኪና ጭቃ ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ ይሳሳለታል። ለዳገት ብሎ ገዝቶት ለዳገት ሲሆን ሚኒባስ የሚኮናተር ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን ቪ8 ይላል? እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገሬ።

መኪና ስንገዛ ጮክ ብለን የምንመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ ብቃትና አመቺነት። ሚዛኑን የሚደፋው ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ እሱንም ማንም ስሙን አይጠራውም። ክብር ነው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባል የለ? ለምን ቪ8 ስትለው «ለጉልበቱ» ይልሃል። አጎቱን ነው የሚነግርህ፤ አባቱን አይነግርህም።

ማስረጃ ካስፈለገ ስሙን እዩት። ቪ8 ማለት 8 ሲሊንደር በሁለት ረድፍ የተደረደረበት የሞተር ቅርጽ ነው። ቶዮታ ላንድክሩዘር 200ን በ2007 እ.ኤ.አ. አወጣ፣ በ2021 በላንድክሩዘር 300 ተካው። የአዲሱ ናፍጣ ሞተር 6 ሲሊንደር፣ 3.3 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ ግን ከ300 ፈረስ በላይ፣ ከቪ8ቱ ይበልጣል። ፍቅራችን ከጉልበት ጋር ቢሆን ኖሮ 8 የምትለዋን ቁጥር ረስተናት ነበር። እኛ ጋ ግን «ቪ8» ሞተር መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ሆኗል፤ የባለሥልጣን መኪና ነው፣ የሠርግ መኪና ነው፣ «ደረሰ» የሚባል ሰው መኪና ነው።

ይሄ የእኛ ብቻ አይደለም። ላንድክሩዘር ራሱ ሲጀመር በ1951 የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ በመውጣት ነው ስም ያወጣው፤ የሥራ መኪና ነበር። የእንግሊዞቹ ሬንጅ ሮቨር በ1970 ሲወጣ ውስጡ በጎማ ቱቦ ውኃ እየረጩ የሚታጠብ ነበር፤ የገበሬ ጭቃ ታስቦለት። ዛሬ ሁለቱም ቆዳ ለብሰው በየሆቴሉ በር ይቆማሉ።

የእኛስ አያቶች? ሰጋር በቅሎ ምን ነበረች? የዘመኑ ቪ8 ነበረች። ግን ልዩነት አለው። ፈረስ ለሜዳ፣ በቅሎ ለገደል፣ አህያ ለጭነት ነበር። ባላባቱ ክብሩን ያኖረው እግሯ በማያዳልጥ፣ ቁልቁለት በማትፈራ፣ ጀርባዋ በማይነቀንቅ በቅሎ ላይ ነው። ክብሩና አመቺነቱ አንድ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኛ ነን የለያየናቸው።

ራሴን ነጻ አላወጣም። አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ቪ8 ጋቢና ቁጭ ብዬ መካነ ሰላም ገባሁ። ሌላ ቀን በእግሬ ሳልፍ ቀና ብሎ የማያየኝ ሰው ከበረንዳው ብድግ ብሎ እጅ ነሳኝ። ምን አለፋችሁ፣ ደስ አለኝ! መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረግሁት፤ እንዲያዩኝ። የአስተማሪ ደመወዝ የማይገዛውን ነገር ለሃያ ደቂቃ ቀመስኩት። ስለዚህ ክብር ምንም አይደለም የሚል ሰው ውሸታም ነው። ክብር ዋጋ አለው። ጥያቄው ያ ክብር የማን ነው፣ ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ይሄን ሁሉ ሒሳብ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ቲቸር፣ ገብቶኛል፤ ግን ለእማ ምቾት አለው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሃርድቶፕ ጎኑ ላይ በተገጠመ አግዳሚ እያንቀረቀበ ነው የሚወስድህ፤ ለታመመ ሰው ምቾት ቅንጦት አይደለም፣ መድኃኒት ነው። እዚያ ላይ ረታኝ።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ብቻ ሰጠሁት። «ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት የጓደኛህን ቪ8 ለአንድ ቀን ተዋሰውና እማን ለቀጠሮዋ ደሴ አድርሳት። ከዚያ ደውልልኝ» አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዟል።

እናቱ ጉልበቷን ያማታል። የመኪናው ወለል ከፍ ያለ ነው፤ እግሯ አልደርስ አለ። አንዱ እጇን ሳበ፣ አንዱ ከኋላ ደገፈ፣ ነጠላዋ ወደቀ፣ ሰው ቆሞ ያያል። ደሴ ስትደርስም መውረዱ እንደ መውጣቱ ሆነ። መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ መጣች። ማታ ቤት ሲገቡ «ልጄ፣ እንደ እህልህ ጫናችሁኝ» አለችው።

ልጁ እህል ነጋዴ ነው። ያቺ ቃል የት እንደገባች እሱ ያውቃል።

«ቲቸር፣» አለኝ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።»

እኔም አልጠየቅኳትም! ይሄን ሁሉ ፈረስና ኪሎዋት ስደምር፣ ጎማና ኖዝል ስቆጥር፣ የተሳፋሪዋን ጉልበት አላሰላሁም። ስለ ሞተሩ ጉልበት ስናወራ የእማ ጉልበት ተረሳ። ሞተሩን የሚመርጥ ሁልጊዜ የሚነዳው ነው፤ የሚሳፈረው አይጠየቅም።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን እንደገና አሰብነው። በዓመት 12 ቀጠሮ ነው ያላት። ለ12 ጉዞ ብቻ ከሆነ ረጋ ያለ ሾፌር ያለው ጥሩ ሚኒባስ መኮናተር ከማናቸውም መኪና ይረክሳል። እሱ ግን «ሌሊት ቢብስባትስ?» አለ። ይሄ መልስ የለውም፤ በእኛ አገር መኪና የሚገዛው ለዚያች ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት ደግሞ የሚፈለገው ያለ ጣጣ የሚነሳ፣ ጎማው ያልጠፋ፣ ነዳጁ የተሞላ፣ እናት ሳትሸማቀቅ የምትገባበት መኪና ነው። እኔ የመከርኩት ንጹሕ ያገለገለ ፕራዶ፣ ባለ 17 ጎማ፣ ሰፊ መርገጫ ተገጥሞለት፣ በሩ ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው ነው። የሚተርፈው ገንዘብ ንግዱ ውስጥ ይግባ። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሚኖር ቢሆን፣ ጊቢና ቆጣሪ ያለው ቢሆን፣ ያለ ማመንታት ኤሌክትሪኩን እለው ነበር፤ ወለሉ ዝቅ ስለሚል ለእማም ይቀላታል።

ለናንተም፣ ልትገዙ ላሰባችሁ፣ በተለይ ከውጭ ሆናችሁ «ለቤተሰብ መኪና ልላክ» ለምትሉ፣ ሦስት ነገር ብቻ ልበል።

መጀመሪያ ለምን እንደምትገዙት ወረቀት ላይ ጻፉ። «ለክብር» ከሆነም ጻፉት፤ ነውር የለውም። ነውሩ ክብርን ጉልበት ብሎ መጥራት ነው፤ ያኔ ሒሳቡ ይሳሳታል።

ሁለተኛ፣ ጎሚስታውንና መካኒኩን ከደላላው በፊት ጠይቁ። ደላላው የሚያውቀው የመሸጫውን ቀን ነው፤ እነሱ የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ሦስተኛ፣ «ለእሷ ነው፣ ለእሱ ነው» ያላችሁትን ሰው አንድ ጊዜ አስወጥታችሁ አስወርዱት። የፋብሪካው ወረቀት ላይ የማይጻፍ ቁጥር እዚያ ታገኛላችሁ።

ተማሪዬ እስካሁን አልገዛም። ባለፈው ሳምንት ቀጠሮዋን በኮንትራት ሚኒባስ ነው የወሰዳት፤ ሾፌሩ ትንሽ በርጩማ ይዞ ነበር፣ በሩ ሥር አስቀመጠላት፤ እሷም ራሷ ወጣች። በርጩማው ዋጋው ስንት ነው? ቪ8ቱን ሰጥተን የምንገዛው ነገር እሱን ነበር።

ሾፌር ወዳጆቼ፣ ቁጥሩ ላይ ያበላሸሁት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ እኔ ተማሪ ሲያርመኝ የምቀየም አይደለሁም። ቪ8 ያላችሁም አብሽሩ፣ አልቀናሁባችሁም። እንዲያውም ስታልፉ ጋቢና ባዶ ከሆነ ቁሙልኝ፤ መስታወቱን እኔ ዝቅ አደርገዋለሁ።

መልካም ሰንበት።